ሙሽራው በሞተር ይሄዳል

ሲሳይ እንደገና ረገጠ። ሞተሯ «ኽ» አለችና ዝም አለች።

«ተዋት፣ ትንሽ ትረፍ» አለ አንደኛ ሚዜው ኃይለ ሚካኤል፣ ሙሉ ልብሱ ላይ ያረፈውን አቧራ በጣቱ እያራገፈ።

«ምን ሠርታ ነው የምታርፈው?» አለ ሲሳይ። ላቡ ከግንባሩ እየወረደ የሙሽራ ከረባቱን ሊያበላሸው ነው።

መንደራቸው ቁሐር ሚካኤል እንዲህ ያለ ሠርግ አይታ አታውቅም። ዘመዱ፣ ጎረቤቱ፣ የተጠራው፣ ያልተጠራው ሁሉ ከዳሱ ወጥቶ አንዲት ቀይ ሞተር ሳይክል ከብቦ ቆሟል። ሲሳይ ወረታ ከተማ ውስጥ የሩዝ መፈልፈያ አለው፤ ከገበሬው ሩዝ ለመግዛት የፎገራን ሜዳ በሞተር ሲያካልል ይውላል። «በሚሌኒየሙ ዓመት ማን በበቅሎ ያገባል? ሰብለወንጌልን ከይፋግ በሞተሬ ነው የማመጣት!» እያለ ከመስከረም ጀምሮ አገሩን አሰልችቷል። የሙሽሪት አባት በግድ ነው እሺ ያሉት። እሺ ሲሉም ረገጥ አድርገው ነግረውታል፤ ቀትር ሳይሆን በሞተሩ ደጃቸው ከደረሰ ደረሰ፤ ካልደረሰ ልጃቸው ያንን ብረት ዓይኗም አያየው፣ በራሳቸው በቅሎ ተጭና ትሄዳለች። ሰብለወንጌል ደግሞ ለይፋግ ልጃገረዶች ሁሉ «በሞተር ነው የምወሰደው» ብላ አውርታ ጨርሳለች። ይሄው ጥር ደርሶ፣ ቀኑም ደርሶ፣ ረፋዱ እያለፈ ነው።

«እኔ ምን አልኩ?» አሉ የሲሳይ አባት አቶ መንግሥቴ። እሳቸው «ለማንኛውም» ብለው በቅሏቸውን ከንጋት ጀምሮ ጭነው ከግራሩ ሥር አስረዋታል። ለልጃቸው ያዘኑ ለመምሰል ቢሞክሩም ፊታቸው እሺ አላላቸውም። «በቅሎ ካንዴላ የላት፣ ቤንዚን አትጠጣ!»

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ሲሳይ አልሳቀም። ማናዬም አልሳቀችም።

ማናዬ የሲሳይ ታናሽ እህት ናት። ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ የምትማረውም ወረታ ከእሱ ጋር እየኖረች ነው። ያቺ ሞተር ከተገዛች ጀምሮ መንገድ ላይ መቆም አመሏ ስለሆነ፣ ማናዬ መጀመሪያ መፍቻ አቀባይ ነበረች። እያደር ግን እሷ ፈቺ፣ ወንድሟ አቀባይ ሆኑ። ትናንት ማታም ሞተሯ ታጥባ ስትመጣ፣ ዛሬ እንዳታሳፍረው ብላ እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ፈትታ፣ ጥቀርሻውን ጠርጋ፣ መልሳ አስራዋለች፤ መሽቶ ስለነበር ግን አላስነሳቻትም። አሁን ያስጨነቃትም ይኸው ነው። ምናልባት በደንብ አላሰርኩት ይሆን?

«ትናንት ማን ነው የነካካት?» አለ ሲሳይ ድንገት ዞር ብሎ።

ባየህ ቀደመ። ባየህ የአጎታቸው የአቶ ደሴ ልጅ፣ የማናዬ እኩያ ነው፤ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ አይለያዩም። «እኔ ጉማራ ወንዝ ወስጄ አጠብኳት፣ አቧራ እንዳይነካትም ሳላስነሳ ገፍቼ አመጣኋት፣ በቃ። ካንዴላውን የፈታችው ማናዬ ናት» አለ።

እውነቱን ነው፣ ፈትታዋለች። ግን «ማናዬ ናት» ሲል ድምፁ አላማራትም።

«አንቺ ነሽ? በሠርጌ ዋዜማ? ማን ንኪ አለሽ?»

«ጋሼ፣ እኔ'ኮ...»

«ሁለተኛ እጅሽ እንዳያርፍባት! ሰማሽ? ሁለተኛ!»

ይኼ ሁሉ በሰው ፊት ነው። አክስታቸው እትዬ ጸሐይነሽ ከዳሱ በር ላይ ሆነው «ሴት ልጅና መፍቻ! ኧረ ጉድ!» አሉ። ማናዬ እጇን ከቀሚሷ እጥፋት ውስጥ ደበቀች። ከሞተሯ ጋር ያሳለፈችው ጊዜ ሁሉ፣ እጇ ላይ የደረቀው ግራሶ ሁሉ በአንድ ቃል ገደል ገባ።

ከዚያ የመግፋቱ ነገር መጣ። ሚዜዎቹ ኮታቸውን አውልቀው ለሴቶቹ አስያዙና ሞተሯን ወደ መንገዱ አወጧት። ሙሽራው ተቀመጠባት፤ ከኋላ ሆ እያሉ ገፉ። ከበሮ የያዙት ሴቶች ግፊያውንም የሠርጉ አካል አደረጉትና እየዘፈኑ ተከተሉ። ውሾቹም ተከተሉ። «ማርሽ አስገባ!» ሲሉት አስገባ፤ የኋላ ጎማዋ እንደታሰረች ጥጃ ግትር ብሎ ተንሸራተተ፤ ሚዜዎቹም ተራ በተራ ጀርባው ላይ ተከመሩ። ሞተሯ ትንፍሽ አላለችም። ሁሉም በአቧራ ነጭ ሆነው ተመለሱ።

«በቃ፣ በቅሎዋን አምጡልኝ» አለ ሲሳይ። ድምፁ የሙሽራ ድምፅ አልነበረም።

ማናዬ አንጀቷ አልቻለም። ወደ ፊት ወጣች። «ጋሼ፣ በቅሎዋ እስክትፈታ ብቻ ልያት።»

«ምን አልኩሽ?»

«ሰምቻለሁ። እኔ ካበላሸኋት እኔው ላስተካክላት። ካላበላሸኋት ደግሞ አንተም እወቀው።»

ሲሳይ እጁን አወናጭፎ ፊቱን ሊታጠብ ወደ ጓሮ ሄደ። ማናዬ ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጥራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ተንበረከከች።

በመጀመሪያ ካንዴላውን ፈታች። ሽቦው ላይ እንደሰካችው ጫፉን ከሞተሯ ብረት አስጠጋችና «ባየህ፣ ርገጥልኝ» አለችው። ጠጥ! ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ። እፎይ! እሳቱ አለ፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም! ደስ ብሏት ልትጮህ ነበር፣ ግን ሞተሯ ገና አልተነሳችም። ካንዴላውን አሸተተችው፤ ርሷል፣ ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ቤንዚኑም ደርሷል ማለት ነው። የአየር ማጣሪያውን ከፈተች፤ ንጹሕ ነው። ሞተር ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል? እሳት አገኘች፣ ቤንዚን አገኘች፣ አየር አገኘች፤ ጠግባ የምታኮርፍ ሙሽራ!

ካንዴላውን መልሳ አሰረችና ራሷ ረገጠች። መርገጫው ወረድ ይልና እግሯን ወደ ላይ ይገፋል። እንዲህ አድርጎ አያውቅም። የገባው ሁሉ መውጫ ያጣ ይመስላል...

መውጫ!

ወደ ኋላ ዞራ ጭሱ በሚወጣበት ቱቦ፣ በማርሚታው አፍ ላይ መዳፏን ደቀነች። «ርገጥ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን መዳፏን ትንፋሽ ይመታው ነበር። አሁን ምንም የለም። «እንደገና።» ምንም። ቀና ስትል ባየህ ፊቱ አመድ መስሏል።

ክረምት ላይ የፎገራ ሜዳ ሐይቅ ነው። ያኔ ሞተር የምትሻገረው በታንኳ ተጭና ስለሆነ፣ ውሃ እንዳይገባባት ማርሚታው በሩዝ ገለባ ይወተፋል። ይኼን የማያውቅ የቁሐር ልጅ የለም። በጥር ፀሐይ ግን ማን ትዝ ይለዋል?

«ወትፈህባታል?» አለች በሹክሹክታ።

«ወንዝ ውስጥ ሳስገባት እጄ በክረምቱ ልማድ... ረስቼው ነው፣ ማኒ!»

«መቼ ነው ትዝ ያለህ?»

«ሲገፉ።»

«ሲገፉ! እና ዝም አልክ?»

ባየህ በዓይኑ አባቱን አሳያት። አቶ ደሴ ዱላቸውን ተደግፈው ከሽማግሌዎቹ ጋር ቆመዋል። «በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ነው የሚያዋርደኝ። በናትሽ፣ ካንዴላው ነበር በያቸው። ለአንቺ ጋሼ ሲሳይ ነገ ይረሳልሻል።»

«እኔ ግን ነገ አልረሳውም» አለች ማናዬ። «አልናገርብህም። አልዋሽልህምም። አንተው ንገረው።»

ከአጥሩ ላይ ሽቦ ፈትታ፣ ጫፉን ቆልምማ ገለባውን መጎርጎር ጀመረች። ትንሽ ትንሽ እያለ ወጣ፤ የመጨረሻው ግን ጠልቆ እምቢ አላት። «ይሁን፣ ራሷ ትትፋው» አለችና ተነሥታ ባላት ኃይል ረገጠች።

ጧ! የገለባ ጥቅል ተወርውሮ የኃይለ ሚካኤልን መቀመጫ መታው። «ተመታሁ!» ብሎ ዘለለ። ሞተሯ ድድድድድ አለች። እልልታው ቀለጠ! በቅሎዋ ደንብራ ገመዷን በጠሰችና ሜዳውን ስትገሠግሥ አቶ መንግሥቴ «ያዙልኝ! ያዙልኝ!» እያሉ ከኋላ ከኋላዋ።

ሲሳይ ፊቱን ሳያደርቅ እየሮጠ መጥቶ ሞተሯ ላይ ጉብ አለ። ኃይለ ሚካኤል ከኋላው ተቀመጠ። «ካንዴላው ነው አይደል? አልኩ'ኮ!» አለ ሲሳይ ለማናዬ። «ለማንኛውም ሁለተኛ እንዳትነኪያት!»

ማናዬ ለባየህ «አልናገርብህም» ብላዋለች፤ ቃል ቃል ነው። ግን እንባዋ አሁን ዱብ አለ።

ሞተሯ መንቀሳቀስ ስትጀምር ባየህ ዘሎ ፊቷ ተገተረ።

«ዞር በል!» አለ ሲሳይ።

«አታጥፋት! እኔ ነኝ!»

«ምን?» ሲሳይ እንዳትጠፋበት ነዳጅ እየሰጠ ነው፤ ሞተሯ ታጓራለች፣ ከበሮው ይመታል።

«ማርሚታውን!»

«ማንን?»

«ማርሚታውን!» ባየህ የአንገቱ ሥር ተገታተረ። ሴቶቹ ምን እንደተፈጠረ ለማየት ከበሮውን ቀጥ ያደረጉት ልክ በዚያች ቅጽበት ነው። «ማርሚታውን የወተፍኩት እኔ ነኝ! ማናዬ ምንም አላጠፋችም! እንዲያውም ያዳነችህ እሷ ናት!»

ቁሐር ሚካኤል በሙሉ ሰማ። ሁሉም ወደ አቶ ደሴ ዞረ። አቶ ደሴ ዱላቸውን አነሡ፤ ወዲያው ደግሞ ፊታቸውን ወደ ዳሱ አዞሩ። ትከሻቸው ግን በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታያል።

ሲሳይ ወደ እህቱ ዞረ። «ማኒ፣ በሰው ፊት ጮኼብሻለሁ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ» አለ። ሙሽራ ሆኖ፣ ከነከረባቱ! ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ኃይሌ፣ ውረድ። አንተ ከአጃቢው ጋር በተከራየነው ሚኒባስ ና። ይቺ መንገድ ላይ ብትቆምብኝ የምትፈታልኝ እሷ ናት። ስንመለስ ለሰብለወንጌል ትለቅላታለች» አለ።

«ሴት ልጅ ሚዜ ሆና?» አሉ እትዬ ጸሐይነሽ፤ ግን እልል ካሉት አንዷ እሳቸው ነበሩ።

ማናዬ ሞተሯ ላይ ወጣች። ልቧ ከሞተሯ እኩል ይመታል። የወንድሟን ወገብ ያዘችና ዞር ስትል ባየህን አየችው፤ ከአጥሩ ሥር ብቻውን ቆሟል። ልጆቹ ከአሁኑ «ወታፊው! ወታፊው!» የሚል ስም አውጥተውለታል። ንዴቷ ገና አልወጣላትም። «ነገ ይረሳልሻል» ያላትም ገና ጆሮዋ ላይ ነው። ግን ደግሞ ያንን ሁሉ ሰው እያየ፣ አባቱንም እያየ ነው የጮኸው።

«እንሂድ?» አለ ሲሳይ። «ቀትር ደረሰ'ኮ!»

«ትንሽ ቆይ፣ ጋሼ።»

ማናዬ ወደ ወንድሟ ጠጋ አለች፤ በጣም ጠጋ። ከኋላዋ ለአንድ ሰው የሚበቃ ቦታ ተገኘ።