አራት ኮከብ የተሰጠው ማፍያ

ሴትዮዋ ወጥ ቤቷ ወለል ላይ በጎኗ ወድቃለች። ቀኝ መዳፏ ላይ ጥቁር የቃጠሎ ምልክት አለ። ከበላይዋ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ብረት የለበሰ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ሶኬቱ ላይ እንደተሰካ ቆሟል።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አላት ሃምሳ አለቃው ለመርማሪዋ። «ሶኬቱን ትናንት የጠገነው ታናሽ ወንድሟ ነው። ራሱም አልካደም።»

«ገደልኳት አለ?»

«‹የኔ እጅ ነው› ነው የሚለው።»

ባልደረቦቿ «መርፌ» የሚሏት መርማሪ ቶሎ ያለቀ ነገር አይጥማትም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሷ ግን ጥሩ የተባለውንም ውሃ ሳትቀምስ አትጠጣም።

ወንድምየው ሳሎን ተቀምጦ እጆቹን የሰው ይመስል ያያቸዋል።

«ሽቦውን በደንብ አስረሃል?» አለችው።

«አስሬ ነበር። ይመስለኛል። ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አሁን የትኛውን ሽቦ የት እንዳሰርኩ ማስታወስ አቃተኝ።»

«ከታሰርክ ቤትህን ማን ያያል?»

«ቤቱን ተይው። እትዬን የገደለ እጅ ከእንግዲህ የማንን መብራት ይቀጥላል?»

ሟቿ የላቦራቶሪ መምህርት ነበረች። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የቤት ዕቃ እየሞከረች ያየችውን የኢንተርኔት ገጿ ላይ ትጽፋለች፤ እሷ ጥሩ ነው ያላለችውን መጥበሻ የማይገዛ ሰው በሺህ ይቆጠራል። የምትጽፈውን በስልክ የምትከትብላት አብራት የምትኖረው የእህቷ ልጅ ናት። ሬሳውን ያገኘችው እሷ ስትሆን ዓይኗ አብጧል።

«ስትጽፍ እንዴት ነበር የምትጽፈው?»

«ሠላሳ ቀን ሳትጠቀምበት አትጽፍም። ‹የሳምንት ትውውቅ ለትዳር አይበቃም፤ ለመጥበሻም አይበቃም› ትል ነበር አክስቴ።» ልጅቷ እንባዋን ጠረገች። «ምን እንደሠራችበት፣ ምኑ እንዳስደሰታት፣ ምኑ እንዳናደዳት ትናገራለች። መጨረሻ ላይ ደግሞ ለማን እንደማይሆን። አንድ ቀን ያንን ብረሳው ‹ለማን እንደማይሆን ካልነገርሽ የጻፍሽው ማስታወቂያ ነው› ብላ ሁሉንም እንደገና አስጻፈችኝ።»

«ስለዚህ ማፍያስ?»

«ትናንት ሠላሳ ቀን ሞላው። ‹ነገ እጽፋለሁ› አለች። ፊቷ ግን ከብዶ ነበር። ዛሬ ገበያ ደርሼ ስመለስ...»

ቃሏን ሳትጨርስ ማፍያውን ያስመጣው ነጋዴ እያለከለከ ገባ።

«ሰማሁ፣ ሰማሁ! ነፍስ ይማር! ግን እህቴ፣ ዕቃዬ ላይ እንዳታላክኩ። ይኸው፣ ዛሬ ጠዋት ራሷ የጻፈችው!»

ስልኩን ዘረጋላት፤ አነበበችው።

«ይህን ማፍያ ሠላሳ ቀን ተጠቅሜበታለሁ። አንድ ሊትር ውሃ በአራት ደቂቃ ያፈላል። መያዣው አይሞቅም። ክዳኑ ትንሽ ይጠብቃል። ለሁሉም ቤተሰብ የሚሆን ዕቃ ነው። አራት ኮከብ።»

«አምስት ያልሆነው ለምንድን ነው?»

«እሷ እኮ ለእናቷም አምስት አትሰጥም!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን የሚያግዘው ሲያጣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሌላ የገዛ ሰው ቅሬታ አቅርቦ ያውቃል?»

«የት ተገዝቶ! ገበያ አልወጣም እኮ። ሁለት መቶው ሳጥን መጋዘኔ ውስጥ ነው፤ ቁልፉም ኪሴ ውስጥ። ለሷ አንዲት ሰጥቼ ቃሏን ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

መርፌ ወጥ ቤት ተመልሳ የቧንቧውን አፍ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ነጭ ዱቄት ረገፈ። የድስቶቹን ውስጥ አየች፤ ሁሉም ነጭ ኖራ ለብሰዋል። ከዚያ የማፍያውን ክዳን ከፍታ በባትሪ አበራችበት። ውስጡ እንደ መስታወት ነው። የራሷ ፊት፣ የተጣመመና የደከመ፣ መልሶ አያት።

ሃምሳ አለቃውን ጠርታ በጆሮው አንድ ነገር ነገረችው። እሱ ወደ ውጭ፣ እሷ ወደ ሳሎን ሄዱ።

ሬሳው ከተነሳ በኋላ ሦስቱን ወጥ ቤት ሰበሰበቻቸው።

«የዚህ ቤት ውሃ ኖራ አለው» አለች። «ሠላሳ ቀን ውሃ የፈላበት ዕቃ ውስጡ ነጭ ይሆናል። ይህ ማፍያ ግን ቢበዛ አንድ ቀን ቢፈላበት ነው። ስለዚህ እሷን የያዛት ይህ አይደለም። አንድ ሰው የእሷን ወስዶ አዲስ ተክቷል።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ወንድምየው።

«ቆይ። ጽሑፉም የእሷ አይደለም። የወደደችው አለ፣ ያልወደደችው አለ፣ ለማን እንደማይሆን ግን የለም።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «አንቺ ብትጽፊው ትረሺው ነበር?»

«በሕልሜም አልረሳው።»

«የጻፈው እንግዲህ ኮከቡን ብቻ ሲቆጥር የኖረ ሰው ነው። አዲስ ማፍያስ ከየት መጣ? ገበያ ላይ የለም። ሁለት መቶው ሳጥን በማን ቁልፍ እንደተቆለፈ ቅድም የነገሩን እርስዎ ነዎት፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።»

ነጋዴው ከንፈሩን ላሰ። «ይህ... ግምት ነው።»

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃው ገባ። በእጁ ከነጋዴው መኪና ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ያገኘው ማፍያ አለ። ክዳኑን ሲከፍተው ውስጡ በኖራ ነጥቷል።

ሰውየው ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

«ጠዋት ደወለችልኝ። ‹ብረቱ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል› አለችኝ። አንዷ ብቻ ተበላሽታ ይሆናል ብዬ አዲስ ይዤላት መጣሁ። ‹ሁለት መቶውም እንዲህ ከሆነስ?› አለችኝ። ‹ውሸት ነው፣ ይኸው› ብዬ የሷን ልነካው እጄን ስዘረጋ ገፋችኝ... እኔን ስትገፋ እሷን ያዛት።»

ልጅቷ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ስልኳ የሚከፈተው በጣቷ ነው» አለች መርፌ ዝግ ብላ። «ከፍተው ሲጽፉ በሕይወት ነበረች?»

ነጋዴው ዓይኑን ወደ በሩ መለሰ።

«ጠይቄዎታለሁ።»

«ትተነፍስ ነበር» አለ ነጋዴው። «አምቡላንስ ልጠራ አስቤ ነበር... መጀመሪያ ጽሑፉን ልጨርስ ብዬ...»

ሲወስዱት ቀና ብሎ ማንንም አላየም። መርፌ ሕጉ ይህን ምን ብሎ እንደሚጠራው እርግጠኛ አልነበረችም። ላዳነችው ሴት አንድ ስልክ መደወል የነፈገ ሰው ነፍሰ ገዳይ ነው? ቃሉ በዛባት፤ ደግሞም አነሰባት።

ወንድምየው ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ነጻ ነህ» አለችው። «ሥራህ ላይ አንድ ስህተት አልተገኘም። ሂድ፣ ልጆችህ ይጠብቁሃል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ገድያታለሁ ብዬ ለራሴ አምኜ ነበር» አላት። «ለሚስቴም ነግሬያለሁ። ልጆቼም ሰምተዋል። አሁን ገብቼ ምን ልበላቸው?»

መርፌ በሩን ከፈተችለትና፣ ብቻውን እንዳይወጣ፣ ቀድማው ወጣች።