ዳገቱ ላይ የጠፋው ታክሲ

መካኒኩ የሞተው በገዛ ጋራዡ፣ በሥራ ጠረጴዛው ሥር ነው። ማጅራቱን በትልቅ መፍቻ ተመትቷል። ሬሳው ሳይነሳ ሰፈሩ ፈርዶ ጨረሰ፤ ገዳዩ ባለታክሲው ነው። በማለዳ መጥቶ «መኪናዬን አቆየህብኝ» እያለ ሲጮህ ሁሉም ሰምቶታል። ሰው አንዴ ከፈረደ ደግሞ ማስረጃ ቢያሳዩት ይቆጣል።

በማግስቱ ከሰዓት ባለታክሲው ፍርድ ቤት ሊቀርብ ነው። መርማሪዋ ከዚያ በፊት በካቴና እንደታሰረ ጋራዡ አስመጣችው። የሟቹን ሚስትና የመኪና ተወዳዳሪ የሆነውን ታናሽ ወንድሙንም ጠራቻቸው።

«እስቲ ድገምልኝ» አለችው ወንድምየውን።

«ስንቴ ልድገም? አምስት ሰዓት ላይ ወደ ውድድሩ ሜዳ ሄድኩ፤ ሃያ ሰው አይቶኛል። ስወጣ የታክሲው ሞተር ተበታትኖ፣ ካምሻፍቱ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ነው የገጠመው። ይሄ ሰውዬ ስድስት ተኩል ላይ ተመልሶ መጣና ገደለው።»

«ሞቶ ነው ያገኘሁት» አለ ባለታክሲው።

«ዝም በል፣ አንተ ነፍሰ ገዳይ» አለች ሚስትየዋ።

መርማሪዋ ካቴናውን ፈታችለት። «ሁላችሁም ታክሲው ውስጥ ግቡ። አንተ ንዳ።»

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ታክሲው በሁለተኛ ማርሽ ተንዘፈዘፈና ጠፋ። ደገመው፤ ጠፋ።

«ጭራሽ አባሰው!» አለ ባለታክሲው በንዴት።

«መሪውን ልቀቅለት» አለች መርማሪዋ ወደ ወንድምየው እያመለከተች። ወንድምየው መሪውን ያዘ፤ ሞተሩ እስኪጮህ ነዳጅ ሰጠውና ዳገቱን ባንድ ትንፋሽ ወጣው። ፈገግም አለ። ፈገግታው መርማሪዋን አንገሸገሻት።

አናቱ ላይ አስቆመችውና ኮፈኑን ከፈተች። ከውስጥ በኩል በጠመኔ ተጽፎበታል። «አንብቢልን» አለቻት ሚስትየዋን።

«የባሌ ጽሑፍ ነው። ‹ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፤ አይቸኩልም። ካም ወደ ፊት አራት ዲግሪ።› መጀመሪያ ከባለመኪናው ጎን ተቀምጦ አነዳዱን ያያል። ሳያይ ሞተር አይነካም ነበር።»

«ካምሻፍት ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ የሚወስን ዘንግ ነው» አለች መርማሪዋ። «ወደ ፊት ካስቀደሙት ሞተሩ በዝግታም ይጎትታል። ወደ ኋላ ካዘገዩት ጉልበት የሚያገኘው ሲጮህ ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት አስለካሁት፤ ወደ ኋላ ስድስት ነው። ሟቹ በእጁ የጻፈውን አያፈርስም። ባለታክሲው መፍቻ መያዝ አያውቅም። አንተ ራስህ የገጠምከውን የውድድር መኪናም አስለክቻለሁ፤ ወደ ኋላ ስድስት። ወንድምህን ገደልከው። አንተ ከሄድክ በኋላ በሕይወት የነበረ እንዲመስል ሞተሩን ራስህ ገጠምክ። እጅህ ግን የለመደውን አደረገ።»

ወንድምየው ፊቱ ደም ለበሰ። «ከጎኔ ተቀምጦ አየኝና ‹አንተ አትነዳም፣ መኪና ትገርፋለህ፤ በመኪናዬ የሚወዳደረው ሌላ ሰው ነው› አለኝ። የእናቴ ልጅ፣ እኔን! ደግሞ እንዴት እንደወጣ አይታችኋል። እሱ ቢገጥመው እንዲህ ይወጣ ነበር?»

ሚስትየዋ በጥፊ አጮለችው። ከኋላ ተከትለው የመጡት ፖሊሶች ሲወስዱት እሷ ወደ ባለታክሲው ዞረች።

«ይቅር በለኝ።»

«ትናንት ደጄ መጥተሽ ልጆቼ ፊት ነው ነፍሰ ገዳይ ያልሽኝ» አለ። «ይቅርታውንም እዚያው መጥተሽ ትያለሽ።»

አንገቷን ደፍታ ተከተለችው።