ሁለት ስንዝር ወደ ግራ

ገበሬው ያለው አድማሴ፣ ፈጠም ወንዝ ዳር፣ በገዛ በቆሎው መካከል፣ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። መንደርተኛው ጧት የወጣው ሰብሉን የፈጀበትን ከርከሮ ሊያድን ነበር። ከርከሮው አመለጠ፤ ሰው ወደቀ። ጊዜው ጥቅምት 1993 ዓ.ም. ነው።

ከፍኖተ ሰላም የተላከችው መርማሪ፣ ሳጅን ያምሮት፣ ጋቢውን ገልጣ ቁስሉን አየችና መልሳ አለበሰችው። ፊቷ ላይ ምንም አልታየም። ሬሳ ማየት የለመደ ልብ ይደነዝዛል፣ ልጆቼ፤ ከክፋት አይደለም።

ተኳሹ፣ ክንዱ የሚባለው፣ እጁን ታስሮ ዋርካው ሥር ተቀምጧል። አገር የሚያውቀው አልሞ መቺ ነው። ከያለው ጋር በድንበር ተጣልተው ዓመት ሙሉ ተኳርፈው ከርመው፣ የታረቁት በመስከረም የያለው አባት ሲሞቱ ነበር። የሟች ወንድም ገብረሰንበት ግን ይህን እርቅ አላመነውም።

«ክንዱ ስቶ አያውቅም» አለ፣ ክላሹን እንዳነገተ። «የመታው ያለመውን ነው። እናንተ ካልፈረዳችሁ ፀሐይ ሳትጠልቅ እኔ እፈርዳለሁ። ደሞ ሴት ልጅ ስለ ምንሽር ምን ታውቃለች?»

«ምንም» አለች ያምሮት። «ለዚህ ነው የምጠይቀው።»

ሄዳ ክንዱ አጠገብ ተቀመጠች።

«ምንሽርህ ለመጨረሻ ጊዜ ያለምከውን የመታችው መቼ ነው?»

«በነሐሴ። ዝንጀሮ፣ ከወንዙ ማዶ። ባንድ ጥይት።»

«ዛሬስ ምን አየህ?»

«ከርከሮውን። ብብቱ ሥር ነው የያዝኩት። ያለው ከኋላው በስተግራ፣ ከበቆሎው ውስጥ ብድግ ሲል ያየሁት ከተኮስኩ በኋላ ነው።»

«ከነሐሴ ወዲህ ከእጅህ ወጥታ ታውቃለች?»

«አንዴ። ለለቅሶ አውሼያት ነበር።»

«ለማን?»

ክንዱ አንገቱን ደፋ። «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ፣ እቴ። ተይው።»

ያምሮት ምንሽሩን ከያዘው ሰው ተቀብላ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ያለችውን የማነጣጠሪያ ጉጥ በጥፍሯ ዳሰሰች። ጉጧ ሥር አንዲት ጥቁር ክር ተቆንጥጣ ቀርታለች። አልነቀለቻትም።

የሟች ሚስት እማዋይሽ ሬሳው ራስጌ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«እግዜር ያጥናሽ፣ እህቴ። ሰሞኑን ባልሽን የከበደው ነገር ነበር?»

«ከአደኑ በኋላ እነግረዋለሁ ይል ነበር።»

«ማንን? ምኑን?»

እማዋይሽ የጋቢውን ጫፍ አስተካከለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያምሮት ሁሉንም ዋርካው ሥር ሰበሰበች። መቶ እርምጃ ርቆ ያለ፣ ሦስት ሰው የሚያቅፈው የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ነጭ ወረቀት አስለጠፈች፤ እህል የሞላ ጆንያ አስመጥታ ምንሽሩን አስደገፈችበት።

«ገብረሰንበት፣ ና ተኩስ።»

«እኔ?»

«አንተ። ለክንዱ ብለህ አትስትም።»

ከተሰበሰበው አንዱ ሳቅ ብሎ ወዲያው አፉን ያዘ። ገብረሰንበት ተንበርክኮ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ወረቀቱን ሄደው ሲያዩት እንደ ነጣ ነው። ሦስቱ ቀዳዳ ግንዱ ላይ ነው፤ በአንድ መዳፍ ይሸፈናል፤ ከወረቀቱ መሃል ሁለት ስንዝር ወደ ግራ።

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ያምሮት። «እጅ ሲስት ጥይት ይበተናል፤ አንዱ ላይ፣ አንዱ ታች። ሦስቱም አንድ ቦታ ከገቡ የሳተው ሰውየው ሳይሆን መሣሪያው ነው። ይቺ ጉጥ የስንዴ ፍሬ ታህል ወደ ቀኝ ዘማለች፤ ስትዘም ጥይቱን ወደ ግራ ትልካለች። ያለው የቆመው ከከርከሮው በግራ ነበር። በነሐሴ ግን ደህና ነበረች፤ ስለዚህ የተመታችው ከዚያ ወዲህ ነው። ከእጁ የወጣችው አንዴ ብቻ፣ ለለቅሶ። እዚህ ጋ ጥቁር ክር ተቆንጥጣለች፤ ስትወድቅ የለቅሶ ጨርቅ ተጠምጥሞባት ነበር ማለት ነው። እንደ ጠየቅኩት ከነሐሴ ወዲህ እዚህ ደብር የተቀበሩት አንድ ሰው ብቻ ናቸው።»

«አባቴ» አለ ገብረሰንበት በቀስታ።

«አዎ። ክንዱም ሙት ወቃሽ አያድርገኝ አለኝ። ዛሬ የሞተው ማን ነው?»

እማዋይሽ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ተናገረች።

«ምንሽሩን የተዋሰው ያለው ነው። ሙሾው ላይ ሲፎክር፣ በግርግሩ መሃል ማንም ልብ ሳይለው፣ ከእጁ አምልጦ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ጠራርጎ መለሰው። እርቁ ገና ትኩስ ነው፣ ንብረቴን ሰበረ ብሎ ክንዱ ደሞ እንዳይቀየመኝ፣ ከአደኑ በኋላ እነግረዋለሁ አለ።»

«እኛ ደም ልናፈስ ስንል ዝም አልሽ?» አላት ገብረሰንበት።

«በገዛ እጁ ሞተ ብዬ፣ እኔም ባፌ ደግሜ ልግደለው?»

ገብረሰንበት ክላሹን ከትከሻው አወረደ። ጥይቱን አራግፎ መሬት ላይ አስቀመጠና የክንዱን ገመድ ራሱ ፈታለት። ያለቀሰ ሰው አልነበረም።

ክንዱ ምንሽሩን ተቀበለ። ጉጧን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት።

«ቢነግረኝ ኖሮ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «በድንጋይ መታ አድርጌ አቀናት ነበር። የአንድ ምት ሥራ ነው።»