ዚነት የጮኸችው ቃል

ወልደማርያም ከጀልዴሳ መንደር በታች፣ ጎርፍ ባለፈበት አሸዋ ላይ በደረቱ ተደፍቶ ተገኘ። ግንባሩ ተፈንክቷል፤ ዝናሩ ከወገቡ አልተፈታም። ምንሽር ጠመንጃው ግን አብሮት አልነበረም። ፖሊሶች ያገኙት ከጎረቤቱ ከፋራህ ጎጆ ነው። ከዚህ ወዲያ ምን ምርመራ ያሻል ተባለና ፋራህ የሚለው ሳይሰማ ድሬዳዋ ተወስዶ ታሰረ። ነገሩ ከጸና ገመድ እንደሚጠብቀው ማንም አልሸሸገውም።

መቶ አለቃ ጉግሳ ግን ቶሎ ያለቀ ነገር አይወድም። ገና ጠላትን ካስወጣን ጀምሮ በፖሊስነት የኖረ፣ ከሚናገረው የሚያየው የሚበልጥ ሰው ነው። ጀልዴሳ ወጥቶ ከሟቹ ሚስት ከበለጠች ፊት ተቀመጠ።

በለጠችን ከሐዘኗ ይልቅ የከበዳት ሌላ ነገር ነበር። ያን ጠመንጃ ለባሏ ያቀበለችው እሷ ናት። ለማንም አልተናገረችም፤ ልቅሶ ላይ ሰዎች «አይዞሽ» ባሏት ቁጥር ፊቷን በነጠላዋ የምትሸፍነው ስለዚህ ነበር።

«እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ፣ ወይዘሮ በለጠች።»

«ምን መጀመሪያ አለው ጌታዬ! ምድር ባቡር በጡረታ ሲያሰናብተው፣ ካላረስኩ ብሎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ሰፈር ነቅሎ አመጣኝ። እሱ ለመደ። ከፋራህ ጋር አጥር ሲያጥር፣ ፍየል ሲያክም ይውላል። እኔ ግን የአገሩን ዝምታ አልለምድ አልኩ።»

«ተጣልተው ነበር የሚባለውስ?»

«የፋራህ ፍየሎች ፓፓያችንን ጨረሱት። እሱ ስቆ አለፈው። ክፉ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«ያን ዕለትስ?»

«አመሻሹ ላይ ነው። ሰማዩ ብራ ነበር። ጎረቤታችን ዚነት ከወንዙ ራስጌ ‹ሎላ!› ብላ ጮኸች። ሎላ በኦሮምኛ ጠብ ማለት ነው። ቀፊራ ገበያ ስሸምት ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለት ሰው ሲያያዝ ሎላ ነው የሚባለው። ባሌ ወጣ። ፋራህ አድፍጦ መታው፤ ኋላ ጎርፉ ሲመጣ ሬሳውን ውሃው ውስጥ ጣለው።»

«ጠመንጃ ይዞ ነው የወጣው?»

«ወንድ አይደል?» አለችና ዓይኗን ሰበረች።

ጉግሳ ግድግዳው ላይ ያለውን የጠመንጃ መስቀያ፣ ቀጥሎም ከሥሩ የተቀመጠችውን በርጩማ አየ።

ለቅሶ የመጣችውን ዚነትን እዚያው ጠራት።

«ሎላ ብለሽ ጮኸሻል?»

«ጮኼአለሁ እንጂ! ለፊተኛው ፖሊስም ነገርኩት ኮ። ‹ሎላ ብለሻል?› አለ፣ አዎ አልኩ፣ ጻፈ፣ ሄደ። ሌላ ምን ጠየቀኝ?»

ጉግሳም ሌላ አልጠየቃትም። አሻግሮ የሐረርጌን ደጋ ሲመለከት ቆየና ሁሉም ሰኞ ድሬዳዋ እንዲመጡ አዘዘ።

የሰበሰባቸው ጣቢያ ውስጥ ሳይሆን ከተማውን በሚያቋርጠው በደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ታች ደረቁ አሸዋ ላይ ሴቶች ልብስ አስጥተዋል፣ ወንዶች አህያ ላይ አሸዋ ይጭናሉ። ፋራህን በካቴና አመጡት። በለጠች ላለማየት ዞረች።

«መዳፍህን አሳይ» አለው ጉግሳ።

መዳፉ መሃል ለመሃል ተሰንጥቋል።

«ይህን የቀደደው አፈሙዝ ጫፍ ላይ ያለችው የማነጣጠሪያ ብረት ናት፤ ደሙ እዚያው ደርቆባታል። እንግዲህ አፈሙዙን የያዘው ፋራህ ነው፤ ሰደፉና ቃታው በሟቹ እጅ ነበር። ጠመንጃው ጎርሷል፣ አልተተኮሰም። ጠላት አፈሙዙን ሲጨብጥበት ቃታ የማይስብ ማን ነው?»

«ሲጓተቱ ነዋ!» አለች በለጠች።

«ተጓትተዋል። አንዱ ከውሃው ሊወጣ፣ ሌላው ሊያወጣ። ጎርፉ ሲያይል ሰውየውን ወሰደ፤ ጠመንጃው ፋራህ እጅ ቀረ።»

«ግንባሩስ?»

«ሐኪሙ ከቁስሉ ውስጥ የግራር ቅርፊት አውጥቷል። ጎርፉ ግንድ ይዞ ነበር የወረደው። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ጎርፍ ሲመጣ ሰው ወደ ዳገት ይሸሻል፤ ወልደማርያም ጠመንጃ ይዞ ወደ አሸዋው ወረደ። ለምን?» ወደ ዚነት ዞረ። «ያን ዕለት እንደጮኽሽው አድርገሽ ጩኺ።»

ዚነት እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ሎላ-ኣ-ኣ! ሎላ-ኣ-ኣ!»

ታች አሸዋው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ አለ። ሴቶቹ እርጥብ ልብስ እያቀፉ፣ ወንዶቹ አህያ እየጎተቱ ወደ ዳር ተንጋጉ። ዱላ ያነሳ፣ ማን ከማን ተጣላ ያለ አንድም ሰው የለም። ሁሉም የሚያየው ወደ ወንዙ ራስጌ ነበር።

«ሎላ አጥሮ ሲባል ጠብ ነው» አለ ጉግሳ። «መጨረሻው ሲሳብ ግን ጎርፍ ነው። እዚህ ብራ ቢሆንም ደጋው ዘንቦ ነበር።»

«አቦ ምን ነክቷችኋል! ውሃው የታለ?» እያለ አንዱ አሸዋ ጫኝ ከታች ተሳደበ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የበለጠች ቃል ባሏን ውሃ ውስጥ ከቶ፣ ጎረቤቷን ገመድ ሥር አቁሟል።

«ቋንቋውን እንደ እኔ አያውቅም፤ ‹ምን እያሉ ነው?› ብሎ ጠየቀኝ» አለች። «‹ሰዎቹ ጠብ ጀምረዋል፣ ፋራህም አለበት፤ ወንድ ከሆንክ ውረድ› አልኩት። ጠመንጃውንም ያወረድኩለት እኔ ነኝ።»

«በርጩማዋን አይቻታለሁ» አለ ጉግሳ ዝግ ባለ ድምፅ። «ባልዎ ረጅም ሰው ነበሩ፤ አያሻቸውም።»

ካቴናው ሲፈታ በለጠች ፋራህ እግር ላይ ወደቀች።

«ይቅር በለኝ። ሊገድልህ ነው የወረደው፤ የላክሁት እኔ ነኝ።»

ፋራህ በተቀደደው እጁ ክንዷን ይዞ አነሳት።

«ወላሂ ሊገድለኝ አልመጣም» አለ። «‹ወሪያ፣ ተመለስ! ውሃ!› አልኩት። ውሃው የሚያንከባልለው ድንጋይ ይንኳኳል፣ አይሰማም። መሃል ገብቶ ዙሪያውን ያያል። ‹ፋራህ፣ የት አሉ? ማን ነው የነካህ?› አለኝ። ‹አይዞህ፣ መጥቻለሁ› አለኝ።»

በለጠች ነጠላዋን ወደ ፊቷ አነሳች፤ ግን መሸፈኑን ተወችው።