መሳቢያ ውስጥ የቆየው ካርድ

«ወንድሜ፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም!»

ሲሀም ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ማስታወቂያ እያሳየች ነበር ይህን ያለችው። ልጁ ትናንት የሸጠችለትን የዋይፋይ ካርድ ባንኮኒው ላይ አስቀምጦ፣ ጥፋቱ የእሱ ይመስል አንገቱን ደፍቷል።

«ልመልስ አልመጣሁም። ሌላ ዓይነት ካለሽ ልገዛ ነው» አላት።

የሲን ይባላል፤ አራት ኪሎ አካባቢ ኮምፒውተር ያስተምራል። የትምህርት ቤቱ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ በዊንዶውስ ፈንታ በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ ጭኖ ነፍስ ዘርቶባቸዋል። ኢንተርኔት ግን እምቢ ብለዋል።

«ዊንዶውስ ላይ እኮ ይሠራል!» አለች ለዕቃዋ ተቆርቁራ።

«ይሠራል። ሊኑክስ ግን ውስጡ ያለውን ቺፕ አላወቀውም። ማሸጊያው አንድ ሆኖ ቺፑ ይለያያል።»

ፒያሳ ላይ ከአባቷ በወረሰችው ሱቅ ስንቱ ጮሆባታል! እንዲህ ተረጋግቶ የሚከስር ደንበኛ ግን አይታ አታውቅም። ሌላ ሸጠችለት። እሱም አልሠራም። ቀጥሎ ሲመጣ ማኪያቶ ይዞላት ነበር... እየዋለ እያደረ የካርዱ ወሬ አጥሮ የእነሱ ጨዋታ ረዘመ።

ሲሀም አስመጪዎቹን ስትጠይቅ ከርማ፣ ሊኑክስ ያለ ምንም ጣጣ የሚያውቀውን ቺፕ የያዘ ካርድ አገኘች። ደስ ብሏት ማሸጊያው ላይ «የየሲን» ብላ ጻፈችበት። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣባት። ይሄ ከሠራለት ከእንግዲህ ምን ብሎ ይመጣል?

መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ካርዱ ገባ?» አላት ሲመጣ።

«ገና ነው» አለችው፤ ፊቷ ጋለ።

በሳምንቱ የሲን የጋሽ እንድሪስን ሱቅ ፌስታል አንጠልጥሎ ከች አለ። ጋሽ እንድሪስ ከፊት ለፊቷ ያሉት ነጋዴ ናቸው። ሲሀም ክው አለች።

«ከእሳቸው ገዛህ?»

«የተማሪዎቹ ፈተና ደረሰብኝ፤ መጠበቅ አልቻልኩም።»

«ሠራ?»

«ወዲያው ሠራ!»

ዕንባዋ መጣ። በገዛ እጇ ነው ያጣችው።

«ታዲያ እኔ ጋ ምን ቀረህ?»

«እኔም መንገድ ላይ ራሴን ስጠይቅ ነበር። ተማሪዎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ ብቻ ከፋኝ... አሁን ምን ብዬ ነው ሲሀም ጋ የምሄደው አልኩ። ምክንያት ፈለግኩ፣ አጣሁ። ያለ ምክንያት መጣሁ።»

ሲሀም መሳቢያውን ከፍታ ካርዱን ሰጠችው። የሲን የተጻፈውን አነበበ።

«ገና ነው አላልሽኝም?»

«ዋሸሁህ። ከሠራልህ ትቀርብኛለህ ብዬ ፈራሁ። ተማሪዎችህንም አጉላላሁ... አውፍ በለኝ።»

የሲን ሳቀ። እሷም ዕንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

«አውፍ ብያለሁ። ግን ትክሺኛለሽ።»

«በምን?»

«ሽማግሌ ስልክ በር እንዳትዘጊብኝ!»

«ወላሂ አልዘጋም!»

እናቷ ዘንድ የሄዱትን ሽማግሌዎች የመሩት ጋሽ እንድሪስ ነበሩ። «ይህን ልጅ እኔ ደንበኛዬ ላደርገው አስቤ ነበር፤ ልቡ ግን ከእናንተ ሱቅ አልወጣም» ብለው ቤቱን በሳቅ ሞሉት።

ዛሬ ያ ካርድ ቤታቸው ያለው ኮምፒውተር ላይ ተሰክቷል፤ አንድም ቀን አስቸግሯቸው አያውቅም። ባልና ሚስት ናቸውና አንዳንዴ ይኳረፋሉ። ያን ጊዜ የሲን እሷ ሱቅ ድረስ ሄዶ ማኪያቶዋን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና፣ በጣቱ ግድግዳው ላይ ያለውን ማስታወቂያ ያሳያታል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ትላለች ሲሀም፣ ሳቋ እያመለጣት።