የተገለበጠ ካፖርት

ባለ ጀልባው የተገኘው በታጨደ ደረቅ ሸምበቆ ክምር ላይ፣ በጀርባው ተንጋሎ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል። ካፖርቱ ተገልብጦ ገበሩ በውጭ ሆኗል፤ አራቱም ቁልፎች ተቆልፈዋል።

ለደሴቲቱ ሰው ነገሩ ምርመራ አላሻውም። ጉም ሲወርድ መንገደኛን የሚያዞር፣ አሳሳች የሚሉት መንፈስ አለ። ልብሱን የገለበጠ ሰው ግን ያመልጠዋል ይባላል። ባለ ጀልባው ገልብጦም አልዳነም። እንግዲያው አሳሳቹን አበርትቶ የላከበት አለ። ላኪዋም ሬሳውን ያገኘችው አሮጊት ሬሳ አጣቢ ናት ተባለ፤ ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት «አፍህን ውኃ ይሙላው» ብላው ነበርና። ፀሐይ ሳትጠልቅ መቅዘፊያ በሌለው ታንኳ ወደ ጥልቁ ሊገፏት ተማማሉ።

መርማሪውን ከማዶ ያስጠራችው የአሮጊቷ ልጅ መረብ ሠሪዋ ናት። መርማሪው አንድ እግሩን የሚጎትት ሽማግሌ ነው። ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል።

«ጋሼ፣ የቀረን ሦስት ሰዓት ነው» አለችው።

«ሟቹን አሳዪኝ ልጄ። እሱ ከሁላችሁም ይሻላል፤ አይጮኽም።»

ሬሳው መጋዘኑ ውስጥ፣ በመረብ ሠሪዋ ባል በአናጢው ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። መርማሪው ካፖርቱን ፈትቶ ጀርባውን በጥፍሩ ፋቀ። ጭቃው ያለው በውስጥ፣ ከሸሚዙ ጋር በተጣበቀው ገጽ ነው። ገበሩ ንጹሕ ነው።

«እናትሽ ምን አለች?»

«ካገኘችው ወዲህ አፏን ዘግታለች። እኔንም አታናግረኝም።»

የሟች ወንድም በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ከወንድምህ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«በአንድ ጀልባ ሁለት ወንድማማች ተስማምቶ ያውቃል? ብንጣላም መተተኛ አይደለሁም።»

«ልብስህን ገልብጠህ ታውቃለህ?»

«ስንቴ!»

መርማሪው ወደ አናጢው ዞረ። «አንተስ?»

አናጢው ሳቅ አለ። «እኔ ወደዚህ ደሴት ከመጣሁ ሁለት ክረምቴ ነው። ለተረት ብዬ ልብስ አልገለብጥም።»

«ሟቹ ‹መጤ› ይልህ ነበር አሉ።»

«ማንን ሳይሰድብ ውሎ ያውቃል?»

መረብ ሠሪዋ ባሏን አየችው። እጁ መዶሻውን ያነሣል፣ ያስቀምጣል።

በአሥራ አንድ ሰዓት ሁሉም ታንኳው ዘንድ ተሰበሰበ። አሮጊቷ እጇ ታስሮ ተቀምጣለች። ጉሙ ከውኃው ላይ መነሣት ጀምሯል።

«አሳሳቹ ሳይደርስብን ልብሳችሁን ገልብጡ» አለ መርማሪው።

«እርስዎም ያምናሉ እንዴ?» አለ የሟች ወንድም።

«የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። ገልብጡ።»

ሁሉም ገለበጠ፤ ሁሉም ደረቱን ክፍት ተወው። አናጢው ሰው ስላየው እሱም ገለበጠ። ከዚያ ከሥር እየዳበሰ ቁልፎቹን ይፈልግ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። መረብ ሠሪዋ እጁን ልትይዝ ተራመደች።

«በቃ» አለ መርማሪው። ወደ ሟች ወንድም ዞረ። «አንተ ለምን አልቆለፍክም?»

«የተቆለፈ ልብስ መንፈሱን ከሰውየው ጋር አብሮ ያስረዋል። ይኼን ሕፃን ያውቀዋል።»

«ሟቹም ያውቀው ነበር። እናንተ ገበሩን አይታችሁ ቁልፉን አላያችሁም። እዚህ ተወልዶ ያረጀ ሰው አራት ቁልፍ አይቆልፍም። ደግሞ ጭቃው በውስጥ ነው፤ ሲወድቅ ካፖርቱ ገና አልተገለበጠም ነበር። ወድቆ የሞተው ጭቃ ላይ፣ የተገኘው ደረቅ ሸምበቆ ላይ ነው። እንግዲህ ከሞተ በኋላ ገልብጦ ያለበሰው፣ ተሸክሞ ያስተኛው አለ። እሱም ወጉን በወሬ እንጂ በገላው የማያውቅ ሰው ነው።»

ዓይን ሁሉ አናጢው ደረት ላይ አረፈ። እሱም ጎንበስ ብሎ አየው።

«ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ። «ጭቃው ውስጥ ያለ ድንጋይ ላይ ወደቀ። መንፈስ ገደለው ተብሎ ይቀራል ብዬ ነበር። ለመንፈስም ላኪ እንደሚፈለግለት አላወቅሁም።»

«ካወቅህስ በኋላ?»

አናጢው ፊቱን ከአሮጊቷ አዞረ።

መረብ ሠሪዋ የእናቷን ገመድ ፈታች። «እማዬ፣ ያገኘሽው አንቺ ነሽ። ቁልፎቹን አይተሻል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ለእኔ የቀረኝ ጥቂት ነው» አለች አሮጊቷ፣ የእጇን ሰንበር እያሻሸች። «ባልሽ ተይዞ አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ።»

ሰዉ ታንኳውን መልሶ አሰረ። አሮጊቷን ቀና ብሎ ያያት አልነበረም።

አናጢውን ወደ መርማሪው ጀልባ ሲወስዱት ሚስቱ መንገድ ላይ አስቆመችው። ሦስቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታችለት።

«ብርድ ነው» አላት።

«ይሁን። አሳሳቹ አብሮህ ታስሮ አይሂድ።»