ሁለት ጣት ትርፍ

ቅናተኛ ነኝ። ከሌላ ሰው አፍ ከምትሰሙት እኔው ብነግራችሁ ይሻላል። ሌላዋ ሴት በሴት ትቀናለች፤ እኔ መጀመሪያ የቀናሁት በጭቃ ነው። ሴቷ የመጣችው ኋላ ነው።

ባሌን ያገኘሁት ሊፍት ተበላሽቶብኝ ነው። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ካፖርትና የሥራ ልብስ እሰፋለሁ፤ ክፍሌ ያረጀ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ስድስት ካፖርት ታቅፌ ሊፍት ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛና ሦስተኛው ፎቅ መሐል ሲደርስ ቀጥ አለ፤ መብራቱም ጠፋ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከበሩ ውጪ የወንድ ድምፅ ሰማሁ።

«እህት፣ ፈርተሻል?»

«አልፈራሁም። ተናድጃለሁ።»

«ጥሩ ነው። በሩን የሚደበድቡብኝ የሚፈሩት ናቸው።»

ሊፍት ጠጋኙ በሩን እስኪከፍት ሌላ ሃያ ደቂቃ ፈጀ፤ ሃያውንም ደቂቃ ሲያስቀኝ ነበር። በሩ ሲከፈት ተንበርክኮ ቁልቁል ያየኛል። ዓይን ለዓይን ስንጋጠም ቀልዱ ሁሉ ጠፋበት። እኔም የማደርገው ቢጠፋኝ ካፖርቶቹን አንድ በአንድ አቀበልኩት። ስድስተኛውን ሲቀበለኝ ከጆሮው ጀርባ የደረቀ ጭቃ አየሁ።

«ጆሮህ ሥር ጭቃ አለ» አልኩት።

«የእሁድ ነው» አለና ሳቀ።

እሁድ ምን ሲሠራ እንደዋለ ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅኩም፤ ሳቁን እያየሁ ነበር።

በዓመቱ ተጋባን። እስከዚያ የእሁዱን ነገር አውቄዋለሁ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ድሮ ለጡብ የሚሆን አፈር ይቆፈርበት የነበረ ሜዳ አለ። ጠዋት ቦቴ ውሃ ያርከፈክፍበታል። ከዚያ እንደ ባሌ ያሉ ሰዎች መስኮታቸው የወለቀ አሮጌ መኪኖች ውስጥ ገብተው፣ ጭቃ እየረጩ ይሽቀዳደማሉ። የትም አይደርሱም፤ እዚያው ይዞራሉ። ደስታው መታጠፊያው ላይ መኪናው በጎኑ ሲንሸራተት ነው አሉ። እዚያ ባሌን ሰው ሁሉ «አቧራው» ብሎ ይጠራዋል። ሌላው ወንድ ከሚያመጣው ጣጣ ይሄ ይሻላል ብዬ ተቀበልኩት። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ልጃችን ተወለደች። ሁለት ዓመት ሳይሞላት አማቴን ሕመም መታቸው፤ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ሲላቸው እኛ ዘንድ ገቡ። ጡረታ የወጡ የአውቶብስ ሹፌር ናቸው፤ እጃቸው ቢሰንፍም ምላሳቸው አልተነካም። በሥራ ቀን ባሌ ማታ ማታ አባቱን ይላጫል፣ ልጁን ያጥባል፣ ዕቃ ያነሳል። ክፉ ሰው ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። እሁድ ሲነጋ ግን የለም። አባባን ማጠቡ፣ ልጅቷን ማብላቱ፣ ለሰኞ የሚደርሰውን ልብስ መጨረሱ ሁሉ እኔ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። አመሻሽ ላይ ጭቃ የጠጣ ቱታ ይዞልኝ ይመጣል። እኔ ያልነበርኩበትን ደስታ በእጄ እያሸሁ አጥባለሁ።

ከዚያ «እሷ» መጣች። መካኒኳ።

«እሷ ማርሹን አስተካከለችው።» «እሷ እኮ ድምፁን ሰምታ ብቻ ታውቃለች።» «የኋላው ጎማ አየሩ ይቀነስ አለች እሷ።» አንድ ራት ላይ ስንቴ «እሷ» እንዳለ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ተነስቼ ሳህን ማጠብ ጀመርኩ።

«ልጄ» አሉኝ አባባ ከወንበራቸው፤ «ሳህኑ ምን አደረገሽ?»

በሚቀጥለው እሁድ አባባን ለጎረቤት አደራ ብዬ፣ ልጅቷን ይዤ ሜዳው ድረስ ሄድኩ። መካኒኳ እንደፈራሁት ቆንጆ አልነበረችም፤ ይሄ ደግሞ ባሰብኝ። ቆንጆ ብትሆን በመልኳ ነው ብዬ እጽናና ነበር። ትከሻዋ ሰፊ፣ ጸጉሯ አጭር፣ እጇ እስከ ክርኑ በቅባት የጠቆረ ሴት ናት። ባሌ መኪናው ውስጥ ሲቀመጥ በመስኮቱ ግማሽ አካሏን አስገባች። ጉልበቷን ወንበሩ ጠርዝ ላይ ተክላ፣ በሁለቱ ትከሻዎቹ የሚወርደውን ቀበቶ ይዛ ሳበች። ባሌ አቃሰተ። ደግማ ሳበች። ከዚያ ሄልሜቱን በመዳፏ መታ አደረገችና «ሂድ» አለችው።

ፈገግ አለላት። ቆሽቴ አረረ።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጅቷ ኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ነበር።

«ቀበቶውን ራስህ ማሰር አትችልም?» አልኩት።

«ውስጥ ተቀምጠሽ አጥብቀሽ መሳብ አይሆንም። ሰው ነው የሚስብልሽ።»

«ከሰው ሁሉ እሷ?»

ማርሽ ቀየረ። ዝምታውን እንደ ጥፋት ያዝኩበት። መንገዱን ሙሉ፣ ያ መኪና ይግደልህ እስከማለት ደርሼ፣ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ ተናገርኩ፤ እንደ አባባ አባባል መንጃ ፈቃዱን ብቻ ነው ያልቀማሁት። በመጨረሻ «ከእንግዲህ የማስርህ እኔ ነኝ» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እንዲህ ቶሎ «እሺ» ማለቱም አናደደኝ።

እሁድ ደረሰ። ለጭቃ ሜዳ የማይለበስ ቀሚስ ለብሼ ሄድኩ። መካኒኳ እጇን በጨርቅ እየጠረገች ቦታ ለቀቀችልኝ።

«እስከ መጨረሻው ሳቢው» አለችኝ።

«የሰው ገላ መለካት ሥራዬ ነው» አልኳት።

ቀበቶውን ሳብኩ። ትከሻው ላይ በደንብ ሲያርፍ፣ እንደ ልማዴ ሁለት ጣቴን ከሥሩ አስገብቼ ለካሁ። አሥራ ሁለት ዓመት የሠራሁት ሥራ ነው። ሁለት ጣት ትርፍ ያልተተወለት ልብስ አያስተነፍስም፤ ሰውየው እጁን ሲያነሳ ብብቱ ላይ ይተረተራል። ጣቶቼ ሳይጨነቁ ገቡ። በቃ አልኩና በሥራዬ ኮራሁ። መካኒኳ ልታየው ጠጋ ስትል በትከሻዬ ከለልኳት።

«ባሌን ማሰር አያቅተኝም።»

ባሌ አየኝ። ከሄልሜቱ ውስጥ የሚታዩት ዓይኖቹ ብቻ ናቸው። ረጅም አየኝና በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን እሱን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው፤ ተቃጥላ እንደሆነ ለማወቅ።

ስድስተኛው ዙር ላይ ከፊቱ የነበረው መኪና ተሽከረከረ። ባሌ ሊሸሸው ሲል የሜዳውን ዳር የአፈር ግድብ መታ። ያዩ ሁሉ «ቀላል ግጭት ነው» አሉ፤ ከዚያ የባሰ ገጥሞት ልብሱን አራግፎ ወጥቷል። በዚያን ቀን ግን ቀበቶው ከመያዙ በፊት ገላው ቀድሞ ሄደ፤ ከአንገቱ ሥር ወደ ትከሻው የምትሄደው አጥንት ተሰበረች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል ስሰማ ኖሬ ነበር፤ ያን ቀን እኔው ሆኜ አየሁት።

የውድድሩ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የድሮ የስፖርት አስተማሪ፣ ሆስፒታል ድረስ ደብተራቸውን ይዘው መጡ።

«ቀበቶህ ላልቶ ነው የተገኘው። ማን ነው ያላላው?»

እኔ አፌን ከመክፈቴ ባሌ ቀደመኝ።

«እኔ ነኝ። ጠብቆኝ ነበር፤ ልንነሳ ስንል አላላሁት።»

«ደንቡን ታውቃለህ። የራሱን ቀበቶ ያላላ ዓመቱ እስኪያልቅ አይነዳም።»

«አውቃለሁ።»

ጻፉና ሄዱ። እኔም ዝም አልኩ። ለምን ዝም እንዳልኩ ልንገራችሁ፤ ደስ ስላለኝ ነው። አጠገቡ ተቀምጬ እያለቀስኩ፣ ከለቅሶዬ ሥር እሁዶቼ ተመለሱልኝ የሚል ደስታ ነበር።

እሁዶቹም ተመለሱ። ባሌ ክንዱን በጨርቅ አንጠልጥሎ ቤት ዋለ። አባባን በአንድ እጁ ያጥባቸዋል፤ እሳቸውም በደህናው እጃቸው ያግዙታል፤ አባትና ልጅ ሁለት ጤነኛ እጅ አዋጥተው አንድ ገላ ይታጠባሉ። ልጅቷን ያጫውታል፤ ቁልፍ እንድተክል ክር ያሾልክልኛል። የተመኘሁት ሁሉ እጄ ገባ።

ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ሻይ ስሰጠው «አመሰግናለሁ» ይለኛል። በትዳራችን ሻይ ላይ ተመሰጋግነን አናውቅም። ሳላየው ያየኛል፤ ዞር ስል ዓይኑን ይሰብራል። በቃ እሷ ናፍቃው ነው አልኩ። ቤቴ ተቀምጦ ከእሷ ጋር ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ከእሱ ቀድሜ አየዋለሁ።

«ባልሽ ቤት ገብቷል» አሉኝ አባባ አንድ ቀን፤ «ግን ገና አልደረሰም።»

በአራተኛው ሳምንት በር ተንኳኳ። ስከፍት መካኒኳ የባሌን ሄልሜት በፌስታል ይዛ ቆማለች። ባሌ አባቱን ይዞ ሐኪም ቤት ሄዷል።

«ግቢ» አልኳት፤ ከአንገት በላይ።

«አልገባም፣ ጫማዬ ጭቃ ነው። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ሁለት ዓመት አስሬዋለሁ። አንድም ቀን ቀበቶውን ነክቶ አያውቅም። ኮሚቴውን ዋሽቷል።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አልተናገርሽም?»

«እሱ ያልተናገረውን እኔ ምን ቆርጦኝ?»

ፌስታሉን ሰጠችኝ፤ ግን አልሄደችም።

«እንደማትወጂኝ አውቃለሁ» አለች። «ወንድ ሁሉ መኪናው ሥር የተጋደመችን ሴት ይመኛል ብለሽ ካሰብሽ፣ አንድ ቀን መጥተሽ ሽታዬን አሽትቺ። እዚያ የምሰማው ያንቺን ወሬ ነው። ብሎን ስፈታ፣ ሚስቴ እንዲህ አለች፣ ሚስቴ እንዲህ ያለ ካፖርት ሰፋች ሲለኝ ነው የሚውለው። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይሰለቸኛል።»

ደረጃውን ስትወርድ ቆሜ ሰማኋት። አፍሬ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ።

በነጋታው ሰብሳቢው ዘንድ ሄድኩ። የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ አላቸው፤ ደብተር ሲደረድሩ ደረስኩ።

«ቀበቶውን ያሰርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሁለት ጣት ትርፍ ተውኩለት።»

«ለምን?»

«እንዲተነፍስ።»

መነጽራቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ሲጨርስ ይተነፍሳል።» ከዚያ ደብተሩን አወጡና የጻፉትን ሰረዙ። «አጥንቱ ሲጠግን ይምጣ። አንቺ ግን መካኒኳ ፊት አሥር ጊዜ አስረሽ ሳታሳዪኝ ቀበቶ እንዳትነኪ።»

ወጥቼ በእግሬ ነው የሄድኩት። ባሌን ለጭቃውም ለእሷም መልሼ ሰጠሁት እያልኩ እበሳጫለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ይቀለኛል።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ባሌ በረንዳው ላይ በአንድ እጁ ልብስ ያሰጣል።

«ሰብሳቢው ዘንድ ሄጄ ነበር» አልኩት። «ያሰርኩህ እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። ፈቅደውልሃል።»

እርጥቡን ሸሚዝ እንደያዘ ቀረ።

«ለምን ነገርሻቸው?»

«እውነት ስለሆነ። ሁለት ጣት ተውኩልህ፤ ለማንም የምተወውን። እንዲመችህ ብዬ ነው። እንደ ልብስ መስሎኝ።»

የሸሚዙ ውሃ እግሩ ላይ ይንጠባጠባል። አላየውም።

«እንዲመቸኝ ብለሽ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ለምን መሰለህ?»

የተንጠለጠለ ክንዱን አየ። ከዚያ እኔን አየ። ነገሩ ቀስ እያለ ገባኝ። የልብሱ ባልዲ ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

«ሆን ብዬ ነው ብለህ ነበር።»

«እጅሽን አውቀዋለሁ» አለ። «ወፍራም ካፖርት ሲጎትት አይቼዋለሁ። ገና ጉልበት እያለው ሲያቆም ተሰማኝ። ላልቷል እንዳልል በእሷ ፊት ታፍሪያለሽ ብዬ ተውኩት። ከዚያ ሆስፒታል ተኝቼ፣ መኪና ውስጥ የተናገርሽኝን ሁሉ ሳስታውስ…»

ወር ሙሉ። ቅናቴን ራሴን ብቻ የሚያቃጥል አድርጌ ነበር የማስበው። ለካ አብሮኝ የሚኖረው ሰው ትገድለኛለች ብሎ እስኪያምን ድረስ አሳድጌዋለሁ። ወር ሙሉ የሰጠሁትን በልቷል፤ የሰፋሁለትን ለብሷል፤ የተሰበረ ትከሻውን ወደ እኔ አዙሮ አንቀላፍቷል።

«ልትገድለኝ ነበር እያልክ» አልኩት፤ «ከእኔ አጠገብ ትተኛ ነበር?»

ጥያቄውን ከዚያ በፊት አስቦት የማያውቅ ይመስል እጁ ላይ ያለውን ሸሚዝ አየ።

«ሌላ የት እተኛለሁ?» አለኝ።

ተነስቼ ላቅፈው አልኩ፤ አጥንቱ እንዳያመው በየት በኩል እንደማቅፈው ግራ ገብቶኝ ፊቱ ቆሜ ቀረሁ።